ድምፅ ወደ ጽሑፍ በጋራ የላብ ኮምፒውተር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከጅማ

የላቡ ይዞታ፦ 24 ዴስክቶፕ፣ ሁሉም ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ ራማቸው 4 ጊጋባይት፣ ዊንዶውስ 10። ሲ ድራይቭ በዲፕ ፍሪዝ ተቆልፏል፤ ማሽኑ ሪስታርት ባደረገ ቁጥር የተጫነውም የተቀየረውም ይጠፋል። ተማሪው ሁሉ የሚገባው በአንድ የዊንዶውስ አካውንት ነው። ኢንተርኔቱ ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይንቀራፈፋል።

የተፈለገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ተማሪ ተርም ፔፐሩን እየተናገረ በአማርኛ እንዲጽፍ። ሁለተኛው ለመመረቂያ ጥናት ከመስክ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ እንዲገለበጥ። አንድ ሶፍትዌር ለሁለቱም ይበቃል ተብሎ ተጀመረ፤ አልበቃም።

1ኛ ሳምንት፦ ማሽኑ ላይ ያለው

ወጪ የሌለው ይቅደም። የዊንዶውስ ቁልፍና ኤች አብረው ሲጫኑ የሚመጣው የድምፅ መጻፊያ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ አማርኛም የለውም። ከቪስታ ዘመን ጀምሮ ያለው የቆየው የዊንዶውስ ንግግር መለያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ እሱም የሚያውቀው እንግሊዝኛንና ጥቂት ሌሎች ቋንቋዎችን ብቻ ነው። ለእንግሊዝኛ ተርም ፔፐር ይሆን እንደሆነ አንድ ማሽን ላይ ተሞከረ። ይህ ሶፍትዌር የተሠራው ለአንድ ባለቤት ነው፤ ጽሑፍ ያስነብባል፣ ከአንባቢው ድምፅ ጋር ይላመዳል፣ የተማረውን በዊንዶውሱ የተጠቃሚ ፕሮፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ዲፕ ፍሪዝ ባለበት ማሽን ፕሮፋይሉ በየማለዳው ባዶ ነው። ዲፕ ፍሪዙ ቢነሳ ደግሞ ይብሳል፦ አካውንቱ አንድ ስለሆነ የሁሉም ድምፅ እዚያው ይደራረባል፣ በመጨረሻ ማንንም አይለይም። ስለዚህ ለጋራ ማሽን ከአንድ ሰው ድምፅ ጋር እየተላመደ የሚሻሻል ሶፍትዌር ከምርጫ ወጣ። ማንም ተቀምጦ ቢናገር እኩል የሚሠራ ነው የሚፈለገው።

ጎግል አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ ያስገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በክሮም ጎግል ዶክስ ይከፈታል፣ ቱልስ ከሚለው ውስጥ ቮይስ ታይፒንግ ይመረጣል፣ ቋንቋው ወደ አማርኛ ይቀየራል። ለቀጥታ ዲክቴሽን (እየተናገሩ ለመጻፍ) ከሞከርናቸው ሁሉ የተሻለው ይሄ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ጣጣው በዙሪያው ነው። ተማሪው በራሱ ጂሜይል መግባት አለበት፤ አንዱ የይለፍ ቃሉን ረስቷል፣ የሌላው ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣበት ስልክ ቻርጅ ጨርሷል፣ ሌላው ሎግ አውት ሳያደርግ ሄዷል። ሳይወጣ በሄደው ሰው ዶክመንት ላይ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ሁለት ገጽ ተናግሮ ሊጽፍበት ይችላል። መድኃኒቱ ክሮምን ሁልጊዜ በጌስት ሞድ መክፈት ነው፤ መስኮቱ ሲዘጋ መግቢያውም አብሮ ይጠፋል። ዴስክቶፑ ላይ ያለው የክሮም ሾርትከት ራሱ በጌስት እንዲከፍት ተደረገ። ዋጋው ማይክ የመጠቀም ፈቃድን በየጊዜው መስጠት ነው፣ ይቻላል።

ለቃለ መጠይቅ ግን ጎግል አይሆንም። በሁለት ምክንያት። ቮይስ ታይፒንግ የሚሰማው ማይክ ብቻ ነው፣ ፋይል አይቀበልም፤ የተቀዳውን በስልክ ስፒከር እያጫወቱ ማይክ ላይ መደገን ደግሞ ጥራቱን ይገድለዋል። ሁለተኛውና ዋናው፣ ድምፁ ወደ ውጭ ሰርቨር ይሄዳል። ተጠያቂው ገበሬ ወይም ታካሚ የፈረመው የስምምነት ቅጽ ላይ ይህ የለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቃለ መጠይቅ ከላቡ ግድግዳ ሳይወጣ መገልበጥ አለበት።

2ኛ ሳምንት፦ ማይክ

ሞዴል (ድምፁን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው የሠለጠነ ፕሮግራም) ከመምረጥ በፊት የሚገባው ድምፅ ይስተካከል። ላቡ ውስጥ የነበሩት አሮጌ ሄድሴቶች ባለ ሁለት ጃክ ናቸው፤ ሮዙ የማይክ፣ አረንጓዴው የጆሮ። ተማሪ ይዞት የሚመጣው የስልክ ኢርፎን ባለ አንድ ጃክ ነው፤ ሮዙ ቀዳዳ ውስጥ ቢሰካም ማይኩ አይሠራም። ለሁለት የሚከፍል ስፕሊተር ያስፈልገዋል። ሲገዛ አንዱ እግሩ ላይ የማይክ ምልክት ያለበት መሆኑ ይታይ፤ ሱቅ ውስጥ የሚበዛው ለሁለት ሰው ጆሮ የሚከፍለው ነው፣ መልኩ አንድ ነው።

በጃክ የሚገቡት ሁሉ አንድ የጋራ በሽታ አላቸው፣ እዝዝ የሚል ድምፅ። ኦዳሲቲ (የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም) ተከፍቶ ማንም ሳይናገር 10 ሰከንድ ይቀዳና ስፔክትረሙ (ድምፁ በየድግግሞሹ ያለው ጉልበት) ይታይ፤ 50፣ 100 እና 150 ኸርዝ ላይ ጉብታ ካለ የመብራቱ ድምፅ ነው። ኮምፒውተሮቹ የተሰኩባቸው ዲቫይደሮች ግራውንድ የላቸውም፣ ወይም የግድግዳው ሶኬት ውስጥ የግራውንድ ሽቦው አልታሰረም። የኬዙ ፊት ያለው ጃክ ከኋላው ይብሳል፣ ምክንያቱም ከማዘርቦርዱ ወደ ፊት የሚመጣው ቀጭን ኬብል ከሌሎች ኬብሎች ጋር ተደራርቦ ያልፋል። ወደ ኋላው ጃክ ሲዛወር እዝዝታው ይቀንሳል፣ አይጠፋም።

ስለዚህ ማይኩ በዘንግ ወደ አፍ የሚመጣ የዩኤስቢ ሄድሴት። የራሱ ሳውንድ ካርድ ስላለው የማሽኑ ጃክ ውስጥ አያልፍም። 10 ተገዛ፣ አንዱ 1,500 ብር፣ በድምሩ 15,000። 24 መግዛት አላስፈለገም፤ 24 ሰው በአንድ ክፍል ባንዴ ከተናገረ የማንም ንግግር በወጉ አይጻፍም።

ዩኤስቢው አዲስ ጣጣ ይዞ መጣ። ዊንዶውስ አንዱን ሄድሴት በሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሲሰካበት እንደ አዲስ ዕቃ ሊቆጥረው ይችላል፤ ስሙ ፊት «2-» ይጨምርበታል፣ የተስተካከለው የድምፅ መጠን ወደ መነሻው ይመለሳል። ዲፕ ፍሪዝ ባለበት ማሽን ይህ በየቀኑ ይደጋገማል፣ ምክንያቱም ትናንት የተመዘገበው ቀዳዳ ዛሬ የለም። አሠራሩ እንዲህ ሆነ፦ ዲፕ ፍሪዙ ተከፍቶ ሄድሴቱ በአንድ የተመረጠ የኋላ ቀዳዳ ተሰካ፣ መጠኑ ተስተካከለ፣ መነሻ ማይክ ተደረገ፣ ከዚያ ተቆለፈ። ቀዳዳውና የሄድሴቱ ጫፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ተደረገባቸው። ፕላስተር ይላቀቃል፣ የጥፍር ቀለም ግን አይለቅም።

መጠኑ፦ በተለመደው ድምፅ ሲነበብ ጫፉ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መካከል ይውደቅ። በጃክ በሚሠሩት ማሽኖች ማይክ ቡስት (የማይኩ ድምፅ ማጉያ) +30 ላይ ተትቶ ካገኛችሁት ወደ +10 አውርዱት። ድምፁ ጣሪያ ሲመታ ቀድመው የሚጎዱት ፈንድተው የሚወጡት ናቸው፤ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ። ጫፋቸው ከተቆረጠ ጠ ከተ፣ ቀ ከከ መለየቱ ይከብዳል፤ «ጠራ» ተብሎ «ተራ» ይጻፋል። ማይኩም ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ከከንፈር ጥግ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ይቀመጥ፤ ፊት ለፊት ከሆነ የትንፋሹ ግፊት ራሱ ይመታዋል።

ቀረጻው ፍጹም ዝም ካለ፣ ማለት ትንሽ ሹክሹክታ እንኳ ከሌለበትና መስመሩ ቀጥ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ማይኩ አይደለም። በዊንዶውስ ሴቲንግ ፕራይቬሲ ውስጥ ማይክሮፎን የሚለው ተዘግቷል። ከላይ ያለው ማብሪያ ቢበራም ዝቅ ብሎ ለዴስክቶፕ ፕሮግራሞች የሚፈቅደው ለብቻው አለ፣ እሱን የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።

የስፖንጅ ሽፋኑን በአልኮል መጥረግ ያፈራርሰዋል። ፕላስቲኩ ብቻ ይጠረጋል፣ ስፖንጁ በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል።

3ኛ ሳምንት፦ ዊስፐርና ቮስክ በየማሽኑ

ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ናቸው። ቮስክ ቀላል ነው፤ ትንሹ የእንግሊዝኛ ሞዴል 40 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ 4 ጊጋባይት ራም ላይ ሳይጨነቅ ይሠራል። የአማርኛ ሞዴል የለውም። ታለፈ።

ዊስፐር ኦፕንኤአይ በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. የለቀቀው ነው፤ ኮዱም ሞዴሉም ክፍት ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈው ቅጂ ያለ ጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ይሠራል፤ ቤዝ የሚባለው ሞዴል 142 ሜጋባይት፣ ስሞል 466 ሜጋባይት። ተዘጋጅቶ የወረደው ፕሮግራም ላቡ ማሽኖች ላይ ገና ሲከፈት ተዘጋ። ምክንያቱ ፕሮሰሰሩ ነው፦ ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ኤቪኤክስ የሚባለው የፈጣን ስሌት ትዕዛዝ አለው፣ ኤቪኤክስ 2 የለውም፤ እሱ የመጣው በአራተኛው ትውልድ በ2013 ነው። ኤቪኤክስ 2 ጠፍቶ ከኮዱ እንደገና ሲጠናቀር ተከፈተ። ስሞል ሞዴል ግን ከንግግሩ ርዝመት በላይ ጊዜ ይወስዳል፣ ተማሪው ተናግሮ ጨርሶ ይጠብቃል።

የአማርኛው ውጤት ደካማ ነው፣ እዚህ ላይ ማለሳለስ አያስፈልግም። አንዱን ሐረግ እየደጋገመ መስመር ይሞላል፤ ዝምታ ላይ ያልተባለ ዓረፍተ ነገር ይፈጥራል። ዋናው ምክንያት የሠለጠነበት የአማርኛ ድምፅ ማነስ ነው። በላዩ ላይ የፊደሉ ጉዳይ አለ፦ አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፣ ዊስፐር ቶከን (ጽሑፉን የሚጽፍበት ትንሽ ቁራጭ) የሚቆርጠው በባይት ደረጃ ስለሆነ አንድ ፊደል ሁለትና ሦስት ቶከን ሊወስድ ይችላል። ለአንድ የ30 ሰከንድ ቁራጭ የተሰጠው ቦታ ቢበዛ 448 ቶከን ነው። ፈጣን ተናጋሪ ሲሆን ቁራጩ ሳያልቅ ቦታው ያልቃል። ዊስፐር ለእንግሊዝኛ ሌክቸር ብቻ ቀረ፣ ለዚያ ጥሩ ነው።

4ኛና 5ኛ ሳምንት፦ ኤምኤምኤስ፣ አንድ ሰርቨር

ሜታ በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. የለቀቀው ኤምኤምኤስ ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን ይገለብጣል፤ አማርኛም አፋን ኦሮሞም አሉበት። ለጅማ ሁለተኛው ትርፍ ነገር አይደለም። ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከማና ወይም ከዴዶ የሚመጣው የመስክ ቅጂ ብዙው አፋን ኦሮሞ ነው። ፈቃዱ ለንግድ አይፈቅድም፣ ለትምህርት ግን ይሆናል፤ የግልበጣ አገልግሎት በገንዘብ መሸጥ አይቻልም ማለት ነው።

ሞዴሉ 1 ቢሊዮን ፓራሜትር፣ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ገደማ። ይህ የየማሽኑን ነገር ዘጋው። 4 ጊጋባይት ራም ውስጥ አይገባም። ቢገባ እንኳ ሞዴሉን የሚያስነሳው የሃጊንግ ፌስ ላይብረሪ ፋይሉን የሚያወርደው በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ነው፤ ዲፕ ፍሪዝ ሲ ድራይቭን ሲመልሰው 4 ጊጋባይቱ በየቀኑ እንደገና ይወርዳል፣ በ24 ማሽን ሲባዛ ወደ 100 ጊጋባይት። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ወደ አንድ ማሽን ሄደ፤ የላቡ ኮምፒውተሮች ማይክና ብሮውዘር ብቻ እንዲሆኑ።

ሰርቨሩ ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ 7 ነው፣ ኡቡንቱ ሊኑክስ ተጫነበት። ራሙ 8 ጊጋባይት ነበር፣ ሌላ 8 በ3,800 ብር ተጨመረ። 650 ቪኤ ዩፒኤስ 9,500 ብር። ጂፒዩ የለም።

መጀመሪያ የወጣው ጽሑፍ በላቲን ፊደል ነበር። ኤምኤምኤስ ምንም ካልተነገረው የሚጭነው የእንግሊዝኛውን አዳፕተር (ሞዴሉን ለአንድ ቋንቋ የሚያስተካክል ተጨማሪ ፋይል) ነው። ለእያንዳንዱ ቋንቋ 10 ሜጋባይት ገደማ የሆነ ትንሽ አዳፕተር አለው፤ ሁለት ቦታ መቀየር አለበት፣ ሞዴሉ ላይም ቶክናይዘሩ (የሞዴሉን ውጤት ወደ ፊደል የሚቀይረው) ላይም። ሞዴሉ ብቻ አማርኛ ሆኖ ቶክናይዘሩ እንግሊዝኛ ከቀረ የሚወጣው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው። መጥፎነቱ ስህተት ነው ብሎ ሁልጊዜ አይቆምም፣ ዝም ብሎ ይጽፋል።

ቀጥሎ ራም። የዌብ ሰርቨሩ በአራት ወርከር (ጎን ለጎን በሚሠሩ የፕሮግራሙ ቅጂዎች) ሲነሳ እያንዳንዱ የራሱን ሞዴል ጫነ፤ አራት በአራት 16 ጊጋባይት፣ ሊኑክስ ራሱ እየመረጠ ገደላቸው። አንድ ወርከር፣ ፊቱ ወረፋ። ወረፋው ለቋንቋውም ያስፈልጋል፦ አዳፕተሩ የሚቀየረው ለሞዴሉ በሙሉ ስለሆነ፣ አንዱ አማርኛ ላይ እያለ ሌላው አፋን ኦሮሞ ቢጠይቅ ቋንቋው መሀል ላይ ይቀየራል። አንዱ ሥራ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። የማታው የቃለ መጠይቅ ወረፋ በቋንቋ ተደርድሮ ነው የሚሄደው፣ መጀመሪያ አማርኛው ሁሉ፣ ከዚያ ሌላው።

ረጅም ፋይል ሲሰጠው ደግሞ አንድም ወርከር ቢሆን ወደቀ። ሞዴሉ ድምፁን በሰከንድ 50 ፍሬም ይቆጥራል፤ 12 ደቂቃ 36,000 ፍሬም ነው፣ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ሲያስተያይ 36,000 በ36,000። የዚህ አንዱ ሠንጠረዥ ብቻ 5 ጊጋባይት ይጠይቃል፣ ሠንጠረዡ ደግሞ አንድ አይደለም። 20 ሰከንድ 1,000 ፍሬም ነው፣ ምንም አይከብደውም። ስለዚህ ቅጂው ከ20 ሰከንድ በማይበልጥ ቁራጭ ይቆረጣል፤ መቁረጫው ዝምታ ያለበት ቦታ ነው። በሰዓት ብቻ የተቆረጠ ሲሆን ቃል ለሁለት ይሰነጠቅና ሁለቱም ግማሽ ይበላሻል።

የእያንዳንዱ ቁራጭ ጽሑፍ እንደወጣ ዲስክ ላይ ይጻፋል። መብራት ሄዶ ዩፒኤሱም ካለቀ፣ ሲመለስ ከቆመበት ቁራጭ ይቀጥላል። ይህ ካልተደረገ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መብራት ሲሄድ ከዜሮ ነው።

6ኛ ሳምንት፦ ብሮውዘሩ ማይኩን አልሰጥም አለ

ተማሪው የሚናገርበት የሰርቨሩ ገጽ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሲከፈት ይሠራል፣ ከላቡ ማሽን ሲከፈት የመቅጃው ቁልፍ አይሠራም። ክሮም ማይክ የሚሰጠው በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ለተከፈተ ገጽ ወይም እዚያው ማሽን ላይ ላለ ገጽ ብቻ ነው። በአይፒ አድራሻ በተራ ኤችቲቲፒ የተከፈተ ገጽ ጥያቄውን እንኳ አያሳይም። ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገው የራስ ሰርተፊኬት (የገጹ መታወቂያ) ተሠራ፣ ዋናው ሰርተፊኬት ዲፕ ፍሪዙ ተከፍቶ በ24ቱም ላይ ተጫነ።

ጥቂት ማሽኖች ያኔም እምቢ አሉ፣ ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልደረሰም አሉ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል። መብራት ሲሄድ የማሽኑ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ በዚያ ቀን ሰርተፊኬቱ ገና አልተወለደም። ጎግል ዶክስ ላይም ሰዓትህ ወደ ኋላ ነው እያለ የሚያስቸግረው ይሄው ነበር። ሲአር 2032 ባትሪ ተገዝቶ ተቀየረ፣ ለሥራው ሁሉ ከወጣው ይሄ ትንሹ ነው።

ከብሮውዘር የሚመጣው ቅጂ በዌብኤም ፋይል ውስጥ በኦፐስ የታመቀ፣ 48,000 ኸርዝ ነው። ሞዴሉ የሚፈልገው 16,000 ኸርዝ፣ አንድ ቻናል። ሳይቀየር በቀጥታ ከገባ ሞዴሉ ሦስት እጥፍ የተጎተተ ድምፅ ነው የሚሰማው፣ የሚጽፈውም እንደዚያው ነው። ይህን የሚቀይረው ኤፍኤፍኤምፔግ መሀል ላይ ገባ።

እዚሁ ላይ አንድ የማይታይ ወጥመድ አለ። ተማሪው እየተናገረ ጽሑፉ እንዲመጣ ቅጂው በየ10 ሰከንዱ ሲላክ የመጀመሪያው ይገለበጣል፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት አይከፈቱም። የፋይሉ መግቢያ መረጃ ያለው የመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ራስ የሌላቸው ናቸው። መቅጃውን በየቁራጩ አቁሞ እንደገና ማስነሳት ይፈታዋል፣ እያንዳንዱ የራሱን መግቢያ ይዞ ይወጣል።

ክሮም ማይክ ሲይዝ የድምፁን መጠን በራሱ የሚያስተካክል ነገር ያበራል፤ የዊንዶውሱን የማይክ መጠንም ከፍና ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፣ ከዚያ ለቀጣዩ ተጠቃሚ እንደተዛባ ይቀራል። ከገጹ ኮድ ውስጥ ይሄና የኤኮ ማጥፊያው ተዘጉ። የጫጫታ መቀነሻው ብቻ ቀረ፣ ምክንያቱ ቀጥሎ ነው።

7ኛ ሳምንት፦ ዝናብና ጎረቤት

ጅማ ላይ ግንቦት ከገባ ከሰዓት በኋላ ዝናብ የተለመደ ነው፣ ላቡም ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒሱም ስስ። ዝናቡ ሲበረታ ዝምታ የሚባል ነገር ስለማይኖር ዝምታ ላይ የሚቆርጠው ፕሮግራም መቁረጫ ያጣል፤ ቁራጮቹ 20 ሰከንድ እስኪሞሉ ይሄዱና ቃል መሀል ይሰነጠቃሉ። ንግግርን ከዝምታ እንዲለይ መጀመሪያ የነበረው የዌብ አርቲሲ ድምፅ መለያ ነው፤ ከ0 እስከ 3 ጥብቅነት አለው፣ 3 ላይ ሲደረግ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ቃል መብላት ጀመረ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ የሚበላው ዋናው ቃል ነው። ሲሌሮ በሚባል ሌላ መለያ ተተካ፣ ዝናቡን ከንግግር በተሻለ ይለያል። በተጨማሪ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ፊትና ኋላ 300 ሚሊሰከንድ ይጨመራል። እውነተኛ ዶፍ ሲሆን ግን ምንም አይሠራም፣ ሰዉ ይጠብቃል ወይም በእጁ ይጽፋል።

የጎረቤት ድምፅ ከዝናብ ይከፋል፣ ምክንያቱም እሱም አማርኛ ነው። ሞዴሉ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፣ የሰማውን ይጽፋል። ፈተናው ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ሄድሴቱን አድርጎ ዝም ይበል፣ አጠገቡ ያለው ጮክ ብሎ ያንብብ፤ የጎረቤቱ ጫፍ ከባለቤቱ ጫፍ ቢያንስ 20 ዴሲቤል ዝቅ ማለት አለበት። ጎን ለጎን ሲቀመጡ አልሞላም፣ አንድ ወንበር ሲዘለል ሞላ። 10 ሄድሴት፣ በየመሀሉ አንድ ባዶ ወንበር፣ የቀሩት ማሽኖች ለኪቦርድ ጸሐፊ።

ከ8ኛ እስከ 10ኛ ሳምንት፦ መለካት፣ ነጥብ፣ የቦታ ስም

ጥራቱን በስሜት መናገር አይቻልም። የቃል ስህተት መጠን ለአማርኛ ብቻውን ያሳስታል። «ተማሪዎቹ ውጤታቸውን አልተቀበሉም» ተብሎ «ተማሪዎቹ ውጤታቸውን አልተቀበለም» ቢጻፍ ከሦስት ቃል አንዱ ተሳስቷል፣ 33 በመቶ። በፊደል ሲቆጠር ከ18 ፊደል አንድ፣ 5.6 በመቶ። የሚያርመው ሰው የሚነካው አንድ ፊደል ስለሆነ ለሥራው የሚቀርበው ሁለተኛው ነው፤ ያቺ አንዲት ፊደል ግን ብዙውን ወደ አንድ ሰው ቀይራዋለች፣ በቃለ መጠይቅ ላይ ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። ሁለቱም ይመዘገባሉ።

ከመቁጠር በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወደ አንድ ይምጡ፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ካልሆነ «ሥራ» እና «ስራ» እንደ ስህተት ይቆጠራሉ፣ ሞዴሉ ያላጠፋው ጥፋት ይጻፍበታል።

ኤምኤምኤስ ሥርዓተ ነጥብ አይጽፍም፣ ጎግልም በአማርኛ የድምፅ ትዕዛዝ አይቀበልም፤ «አራት ነጥብ» ሲባል ቃሉን ራሱን ይጽፈዋል። በሰርቨሩ ላይ «አራት ነጥብ» የሚለው ወደ ። እንዲቀየር ተደረገ። የተማሪ ጽሑፍ ውስጥ «አራት ነጥብ ዜሮ አምጥቶ ተመረቀ» ሲመጣ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ተዘጋ። ቀጥሎ ቁጥር ካለ አትቀይር ማለትም አይበቃም፣ «አምስት ገበሬዎች ተጠየቁ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር አለና። ትዕዛዙ «ነጥብ ዝጋ» ሆነ፣ ለነጠላ ሰረዝ «ነጠላ ዝጋ»፣ ለአንቀጽ «አዲስ አንቀጽ ጀምር»። በተርም ፔፐር ውስጥ እነዚህ በራሳቸው አይመጡም። ማሽኑ ላይ በወረቀት ተለጥፈዋል።

የቦታ ስሞች፦ ሄርማታ፣ ጅሬን፣ አወይቱ፣ ቆጪ፣ ሊሙ ኮሳ፤ ሞዴሉ በሚመስላቸው ሌላ ቃል ይተካቸዋል። የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ የሚገምት ኬንኤልኤም የሚባል የቋንቋ ሞዴል፣ ከኤምኤምኤስ ጋር ከሚያገናኘው ፓይሲቲሲዲኮድ ጋር ተጨመረ፤ ጽሑፉ ባለቤቶቹ ከፈቀዱት የመመረቂያ ጽሑፎችና ከቃለ ጉባኤዎች የተሰበሰበ ነው። ይህም ጽሑፍ በፊደል አንድ መደረግ አለበት፣ አለዚያ «ዓመት» እና «አመት» ቁጥራቸውን ይካፈላሉ። የቋንቋ ሞዴሉ ክብደት መነሻው 0.5 ነው፤ በዚያ ላይ ሲተው እርባታቸው የማይዘወተር ግሶች ወደሚያውቃቸው እየተጠመዘዙ መጡ። አማርኛ አንዱን ግስ በብዙ መልክ ስለሚያረባ ትንሽ የጽሑፍ ክምችት ሁሉንም አይዝም። 0.3 ላይ ተሻለ። የቦታ ስሞቹ ለብቻ በትኩስ ቃል (ቅድሚያ በሚሰጣቸው ቃላት) ዝርዝር ገብተዋል፣ ጥናቱ የሚካሄድበት ወረዳ ሲቀየር ዝርዝሩ ይቀየራል።

አሁን ያለበት

የቀጥታ ዲክቴሽን ጠዋት በጎግል ዶክስ በጌስት ሞድ፣ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ በላቡ ሰርቨር። ቃለ መጠይቅ በሰርቨሩ ብቻ፣ ማታ። ፋይል ከፍላሽ የሚገባው በአንድ ኡቡንቱ ማሽን በኩል ነው፤ ፍላሹ ሁሉ ሾርትከት ቫይረስ አለበት ማለት ይቀላል። ጽሑፉ ሲወጣ የድምፁ ቅጂ ከሰርቨሩ ይጠፋል፣ ጽሑፉም ተማሪው ከወሰደው በኋላ።

ያልተፈታው የሁለት ተናጋሪ ጉዳይ ነው። ጠያቂና ተጠያቂ አንድ ላይ ሲናገሩ የሚወጣው ጽሑፍ ማን ምን እንዳለ አይለይም። ለጊዜው ለመስክ የሚሄዱ ተማሪዎች በሁለት ስልክ እንዲቀዱ፣ አንዱን ተጠያቂው አጠገብ አንዱን እነሱ ጋ እንዲያስቀምጡ፣ ሲጀምሩም አንዴ ጮክ ብለው እንዲያጨበጭቡ ተነግሯቸዋል፤ የጭብጨባው ጫፍ ኦዳሲቲ ላይ ሁለቱን ቅጂ ለማገጣጠም ይበቃል። የሚቀጥለው ሥራ በየቁራጩ የትኛው ስልክ ላይ ድምፁ እንደጎላ አይቶ ስም የሚለጥፍ ትንሽ ስክሪፕት መጻፍ ነው።